«ሊቢዶሽስ?»

ለድብርት መድኃኒት ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ሐኪሙ እንቅልፌን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የምግብ ፍላጎቴን ጠየቀኝ፣ እሱንም ነገርኩት። ከዚያ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሳ «ሊቢዶሽስ?» አለኝ።

ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ስለ ወሲብ መሻቴ ነው የጠየቀኝ። በአማርኛ ልመልስለት ስል ግን አፌ ተሳሰረ። «ስሜት» ልበል? እግሬ ሲደነዝዝም «ስሜት የለውም» ነው የምለው። «ፍላጎት»? አሁን ስለ ምግብ የተጠየቅኩበት ቃል ነው። «ፍትወት» ብል ደግሞ ንስሐ አባቴ ፊት የተቀመጥኩ ሊመስለኝ ነው። «ያው... ሙድ የለኝም» አልኩት። ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ እንጃ።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የሥነ ልቦና ትንተና አባት የሚባለው ፍሮይድም እዚሁ ጋ ተቸግሮ ኖሯል! እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ሥራ መጀመሪያ ላይ፣ ለምግብ «ረሃብ» የሚባል ቃል አለን፣ ለወሲብ ግን የዕለት ተዕለት ቋንቋ አቻ ቃል የለውም፣ ሳይንስ ለዚህ ሊቢዶን ይጠቀማል ይላል። የገዛ ጀርመንኛው «ሉስት» እንኳ አላረካውም። መመኘቱንም መርካቱንም በአንድ ቃል ይይዛልና።

ላቲኑ ራሱ ደስ ይላል። ሊቢዶ «ሊቤት» ከሚል ግሥ ጋር ዘመድ ነው። «ሚሂ ሊቤት» ሲሉ ልክ እንደኛ «አማረኝ» እንደማለት ነው። ሰውየው አያዝበትም፤ ይመጣበታል እንጂ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አማረኝ። ጥንት ቃሉ ለማንኛውም ብርቱ ምኞት ያገለግል ነበር። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አውጉስጢኖስ የሮማውያንን የመግዛት ጥማት የጠራው በዚሁ ቃል ነው። የኛም ፍትወት ዕጣው ያው ሆነ። በግዕዝ ፈተወ ማለት ወደደ፣ ተመኘ ነው። ዛሬ ግን ቃሉን ስንሰማ ወዲያው የሚታየን ሥጋ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1912 የፍሮይድ ባልደረባ የነበረው ካርል ዩንግ ሊቢዶ ወሲብ ብቻ አይደለም፣ የነፍስ ጉልበት በሙሉ ነው አለ። ፍሮይድ አልተዋጠለትም። በዓመቱ ተቆራረጡ፣ ጠባቸው ይሄ ብቻ ባይሆንም። የሚገርመው በ1920 ፍሮይድ ራሱ ቃሉን አስፍቶ ኤሮስ ካለው የሕይወት ኃይል ጋር አያያዘው። (ዩንግ ያኔ ሳይስቅ የቀረ አይመስለኝም።)

ሐኪም ቤት ውስጥ ያሸነፈው ጠባቡ ትርጉም ነው። ሆርሞን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጡት ማጥባት፣ መድኃኒት፣ ሁሉም ይነካዋል። የኔን ያጠፋው ድብርቱ ይሁን ክኒኑ መለየት አስቸገረ፤ ሁለቱም ያደርጉታል። ሐኪሙ በራስሽ እንዳታቋርጪ ብሎ መጠኑን ቀነሰልኝ።

እኔ ግን ለዩንግ ነው የማደላው። ከኔ የሄደው የአልጋው ነገር ብቻ አልነበረም። ቡና አፍልቼ ሳልቀምሰው ቀዝቅዞ ደፍቻለሁ። እኔ! ሁለተኛውን ስኒ ካላገኘሁ ሐራራው ራሴን የሚፈልጠኝ ሴትዮ። ሙዚቃ እከፍትና ማለቁን የማውቀው ዝም ሲል ነው። አንድ ማታ ባለቤቴ በጨለማው ውስጥ «ጠላሽኝ እንዴ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። መጥላትም እኮ ጉልበት ይፈልጋል።

ትናንት ቀጠሮ ነበረኝ። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ «ሊቢዶሽስ?»

«ቅዳሜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ አማረኝ» አልኩት። «ቃሪያ የበዛበት። ባለቤቴን ቀስቅሼ አብረን ሠርተን በላን።»

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ቀና አለ።

«እርጉዝ ነሽ እንዴ?»