«ተመስገን» ስንት ነጥብ ይሰጠዋል?

በ2010 ዓ.ም. ለማስተርስ መመረቂያዬ ስለ ስጋትና ጭንቀት ላጠና ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ 42 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ነበር። ከእንግሊዝኛ የተረጎምኩት ራሴ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ የመረበሽ ወይም የመጨነቅ ስሜት ተሰማዎት?» ይላል። መልሱ ከአራት አንዱ ነው፦ በፍጹም፣ አንዳንድ ቀን፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ።

የመጀመሪያዋ ተጠያቂዬ መሃል ከተማ ካለ የቀበሌ ቤት ወጥተው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገቡ እናት ነበሩ። ጥያቄውን አነበብኩላቸው።

«ተመስገን ነው ልጄ።»

ምርጫዎቹን ደገምኩላቸው።

«ተመስገን አልኩህ እኮ!» ብለው ቡና ቀዱልኝ።

እኔም «በፍጹም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ሁለተኛው ስኒ ሳይደርስ ደረጃው ጉልበታቸውን እንደጨረሰው ነገሩኝ። ልጃቸው ከሥራ ወጥቷል። የባንክ ክፍያ የሁለት ወር ተጠራቅሞባቸዋል። ሌሊት ሌሊት ጨጓራቸው እየተነሳ እንቅልፍ የላቸውም። ወረቀቴ ላይ ግን ጭንቀት የሚባል ነገር የማያውቁ ሴት ናቸው።

እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ሰው ሞላሁ። ዘጠኙም ደህና! ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

አማካሪዬ ወረቀቶቹን አገላብጠው ሳቁ። «ሰው ቤት ገብተህ ተመስገን የማይልህ ማን አለ?» አሉኝ። እውነት ነው። ወረቀት ይዞ ለመጣ እንግዳ ማማረር እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ፈጣሪን መክሰስም ይመስላል። ሰዎቹ አልዋሹኝም። እኔ ነኝ ሰላምታን እንደ መረጃ የቆጠርኩት።

ስለዚህ ለሦስት ሳምንት ምንም ሳልጠይቅ ቃል ስለቅም ሰነበትኩ። ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ሰልፍ፣ ጤና ጣቢያ በር ላይ። «ስጋት» የሚለውን ቃል ከዜና ውጪ የሚናገረው ሰው ጥቂት ነው። «ጭንቅ» ከባድ ቃል ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ናት ጭንቅ ላይ ያለችው። ለየቀኑ የሚሆነው «ሐሳብ» ነው። «ሐሳብ ገብቶኛል»፣ «ሐሳብ ጨረሰኝ» ይባላል። ከዚያ የቀረውን ሰውነት ይናገረዋል፦ ጨጓራ፣ ደም ብዛት፣ ራስ ምታት። አንድ ሰፈር ውስጥ ስንት ሰው «ጨጓራዬ» እንደሚል ብቻ ብትቆጥሩ የእኔን 42 ጥያቄ ያስንቃል። (ጨጓራ ሁሉ ሐሳብ ነው እያልኩ አይደለም። እውነተኛ የጨጓራ በሽታም አለ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።)

በሩን የከፈተልኝ ግን ሌላ ቃል ነው፦ «ክፉ ቀን»።

መጠይቁን ትቼ «በወር ምን ምን ይከፍላሉ? ለክፉ ቀን ብለው የሚያስቀምጡት አለ?» ማለት ጀመርኩ። ሰው ስለ ስሜቱ ሲጠየቅ ይሸሻል፤ ስለ ወጪው ሲጠየቅ ግን ደብተር ያወጣል። ዕድር ይህን ያህል፣ ዕቁብ ይህን ያህል፣ የባንክ ዕዳ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ለማኅበር። ቀጥዬ «ክፉ ቀን ሲሉ ምን ይታይዎታል?» እላለሁ። ከዚህ በኋላ እስክሪብቶዬ አያርፍም። በዚህ መንገድ 31 ሰው አነጋገርኩ።

ከደብተሮቹ ውስጥ ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ። ሞትን በገንዘብ በኩል የፈራ አንድም ሰው አላገኘሁም። ሞት ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ድንኳኑና አግዳሚው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጥሩምባው ሲነፋ ማን ምን እንደሚሠራ ይታወቃል፤ የቀረ ይቀጣል። ሐሳቡ ያለው ዕድር በሌለበት ቦታ ነው። የባንክ ክፍያ ሲያልፍ ጥሩምባ አይነፋም። ዘይት ሲወደድ፣ ከሥራ ስትባረር፣ አረብ አገር የሄደች ልጅ ስልኳ ሲዘጋ ድንኳን የሚተክልልህ የለም። ያንን እያንዳንዱ በሩን ዘግቶ ለብቻው ይሸከማል። አንዳንዱም የራሱ ስንፍና እየመሰለው።

ክፍል ውስጥ ለፈተና የሸመደድኳቸው ሰዎች የገቡኝ ያኔ ነው። ሲ. ራይት ሚልስ የተባለው አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር በ1959 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ቀላል ምሳሌ አለ። 100,000 ሰው ባለበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ካጣ የግል ችግሩ ነው፤ ምክንያቱን ከራሱ ዘንድ ብንፈልግ አያስወቅስም። 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ካጣ ግን ነገሩ የአገር ጉዳይ ነው። እኔ አንድ ኮሪደር ላይ አራት በር አንኳኩቼ አራቱም ጋ ያንኑ ዕዳ ሰማሁ። አራቱም ግን ስለ ጎረቤታቸው አያውቁም ነበር። ድሮ ሰፈር ቢሆን ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

ጀርመናዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ኡልሪክ ቤክ ደግሞ በ1986 (እ.ኤ.አ.)፣ የቼርኖቤል የኑክሌር ማመንጫ አደጋ በደረሰበት ዓመት፣ የዘመናችን ትልልቅ አደጋዎች ከሰማይ የሚወርዱ ሳይሆኑ ራሱ ዕድገታችን የሚወልዳቸው ናቸው አለ። ኮንዶሚኒየሙን ተመልከቱ። የሚያፈስ ጣራንና የጋራ ሽንት ቤትን ሊያስቀር መጣ፤ አስቀረም። በ20/80 ግን 20 በመቶ ቆጥበህ 80ው ዕዳ ነው። ቤት አልባነትን የሚያስቀረው ቤት ራሱ ሌላ ሐሳብ ይዞ ይገባል።

እስከዚህ ከቤክ ጋር ተስማማን። የተጣላነው «ድህነት ተዋረድ አለው፤ ጭስ ግን ዴሞክራሲያዊ ነው» በሚለው ዝነኛ አባባሉ ላይ ነው። ጭስ ሀብታም ድሃ አይልም ለማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የቆሼ ጉዳይ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ፣ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረው የአዲስ አበባ ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ቆሻሻው የሁላችንም ነበር፤ የቦሌውም፣ የሳሪሱም፣ የእኔም። የተናደው ግን ሥሩ ቤት በሠሩት ላይ ነው። ቤክም ድሃው ይበልጥ እንደሚጋለጥ አልካደም። ቢሆንም አባባሉን የምዕራፍ መግቢያ አድርጌው ስለነበር ሰረዝኩት።

ከስህተቴ አንዱን ልናገርና ይብቃኝ። አንድ አባት የሞተ ልጃቸውን ጉዳይ እየነገሩኝ ሳለ መቅረጫዬ ባትሪ ጨረሰ። እኔ ባትሪ ስቀይር እሳቸው ዝም አሉ። ከዚያ «ይቅር፣ ሌላ ጊዜ» አሉኝ። ሌላ ጊዜ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ መከራው ሲገባ መቅረጫም ደብተርም አልነካም፤ ያስታወስኩትን ማታ እጽፋለሁ፤ የረሳሁት ይቅር።

መመረቂያዬን ሳቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ «ሠንጠረዥህ የታለ?» ብለው ጠየቁኝ። ያለኝ አንድ ብቻ ነበር፤ 31ዱ ሰዎች ለምን ለምን እንደሚከፍሉ የሚያሳይ። እሳቸው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳርፈው «ይህቺ ሴት ሁለት ዕድር ትከፍላለች፤ ስህተት ይሆን?» አሉ።

ስህተት አልነበረም። የመጀመሪያዋ ተጠያቂዬ ናቸው፤ ያ «በፍጹም» ብዬ የሞላሁላቸው ወረቀት የትም ገብቷል። አንዱ ዕድር የኮንዶሚኒየሙ ነው። ሌላው የድሮ ሰፈራቸው ሲሆን ሰፈሩ ፈርሷል፤ ዕድርተኛው በየአቅጣጫው ተበትኖ በወር አንዴ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ይሰበሰባል። በዚያ ጉልበታቸው ሁለት ታክሲ ይዘው ሄደው ይከፍላሉ። ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«እነዚህኞቹ ይቀብሩኛል፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው» አሉኝ። «ግን የልጅነት ስሜን አያውቁትም። ምን ብለው ያለቅሱልኛል?»