ልብ አንጠልጣይ፣ ግን የማያስፈራ

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መደርደሪያችን ብዙ አይደለም። የሚመጣው ሰው ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። በምሳ ሰዓት ብቅ የሚሉ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች አሉ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎራ የሚሉ ጡረተኞችም አሉ። ከሁሉም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፦ «ልብ አንጠልጣይ ነገር ስጪኝ፤ ግን እንቅልፍ የሚነሳ አይሁን።»

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ሙሉ የልቦለድ ዘርፍ አለ። ፈረንጆቹ ኮዚ ሚስትሪ ይሉታል። ወንጀል አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ግድያ ነው። ግን አገዳደሉ በዝርዝር አይነገርም። ማሰቃየት የለም፣ ብልግና የለም። መርማሪው ብዙ ጊዜ ፖሊስ አይደለም። ጡረታ የወጣች መምህርት ወይም የመንደር ቄስ ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ትንሽ ቦታ ነው። በመጨረሻ ጥፋተኛው ይታወቃል፣ ሰፈሩም ይረጋጋል። ይህን ንባብ «ቀላል ነው» ብለው የሚያልፉ አሉ። እኔ አልስማማም። ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የዋለ ሰው ማታ ላይ እውነት የሚወጣበት ታሪክ ቢያምረው ምን ይገርማል?

ሥራዬን በጣም ያቀለለልኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ስል ብዙው ሰው «ማንኛውም ይሁን» ይለኛል። ይህ አያግዝም። አሁን የምጠይቀው «ምን እንዲኖርበት አትፈልግም?» ብዬ ነው። ያኔ መልሱ ይመጣል። አንዱ ሕፃን የሚጎዳበትን አይችልም። ሌላዋ ባልና ሚስት የሚካካዱበትን አትፈልግም። በቅርቡ ሐዘን ላይ የነበረ ሰው የቀብር ትዕይንት ይከብደዋል።

በዚህ ጥያቄ ካወቅኋቸው ሰዎች አንዷ ለረጅም ዘመን ሆስፒታል ያገለገሉ ሲስተር ናቸው። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ደም አይቼ ጠግቤያለሁ። ሰው ግን ገና አልጠገብኩም።» ከዚህ በላይ ግልጽ ትእዛዝ የለም። የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝን «ዘ ነምበር ዋን ሌዲስ ዲቴክቲቭ ኤጀንሲ» አወጣሁላቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው። ታሪኩ ቦትስዋና፣ ጋቦሮኔ ውስጥ ነው። ማ ራሞትስዌ አባቷ የተዉላትን ከብቶች ሸጣ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። ከብት ሸጦ ሥራ መጀመር ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የምትይዘው ጉዳይም የጠፋ ባል፣ ያታለለ ሰው፣ የተጠራጠረ አባት ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ነገርኳቸው፦ «አንድ የጠፋ ልጅ ጉዳይ አለበት፤ ከከበደዎት ያንን ይዝለሉት።» ሳይዘሉ ጨርሰው መጡ። «እሷ ሻይዋን ይዛ ስታስብ፣ እኔም ቡናዬን አፍልቼ አብሬያት ሳስብ ነበር» አሉኝ። ተከታታዩ ከ20 በላይ መጻሕፍት አሉት። በቅደም ተከተል ቢነበብ ይሻላል፤ የማ ራሞትስዌ ሕይወት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይቀጥላልና። በጂል ስኮት መሪ ተዋናይነት እዚያው ቦትስዋና የተቀረጸ የቴሌቪዥን ድራማም አለው፤ ቤተሰብ አብሮ የሚያየው ነው።

ቀጥሎ ሲስተርን ወደ አጋታ ክሪስቲ ወሰድኳቸው። ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ አገልግላለች፤ መድኃኒት ክፍልም ሠርታለች። በልቦለዶቿ ከጥይት ይልቅ መርዝ የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲስተር የመርዙን መጠን ሳይቀር እየመረመሩ ነው የሚያነቡት! ከክሪስቲ ሰዎች ለጀማሪ የማስቀድመው ሚስ ማርፕልን ነው። በልቦለድ መጀመሪያ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በየሰፈራችን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ መንገዱን የምታይ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደዋለ የምታውቅ እትዬ አለች አይደል? ሚስ ማርፕል ማለት እሷ ናት። አንድ ተጠርጣሪ ስታይ የመንደሯን አንድ ሰው ታስታውሳለች፤ ከዚያ ተነስታ ጠባዩን ታውቃለች። «ሁሉም የሚጠረጠርበትና ማንም የማይተርፍበት» ዓይነት ዝነኛ የክሪስቲ ሥራ ግን መረጋጋት ለሚፈልግ ሰው አልሰጥም። ዝነኛ መሆኑ ብቻ ለዚህ አንባቢ ተስማሚ አያደርገውም።

ትልቁ ፈተና ቋንቋው ነው። አብዛኞቹ እነዚህ መጻሕፍት ያሉን በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ተማሪ እንግሊዝኛውን ለማሻሻል ብሎ ወፍራም ልቦለድ ሲያነሳ አየሁና «ቆይ» አልኩት። «ዘ ሰርቲን ፕሮብለምስ»ን ሰጠሁት። 13 አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ሰዎች ተሰብስበው እያንዳንዱ የሚያውቀውን ምስጢር ያወራል፤ ሚስ ማርፕል ሹራቧን እየሠራች ትፈታዋለች። አንድ ታሪክ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ የጨረሰ ሰው ይመለሳል። ለረጅሞቹ ልቦለዶች ደግሞ ትንሽ ወረቀት እጽፋለሁ። የሰዎቹ ስም፣ ማን የማን ወንድም እንደሆነ፣ ማን የት እንደሚሠራ፤ ምስጢሩ ሳይነካ። መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የእንግሊዝ ስሞች ሲደራረቡ ብዙ ሰው ሠላሳኛው ገጽ ላይ ይተዋል፤ ወረቀቷ ታሻግረዋለች።

እኛ ፊልም አናውስም። ያም ሆኖ ተከታታይ ድራማ እጠቁማለሁ፤ ድራማውን የወደደ ሰው መጽሐፉን ፍለጋ ይመጣልና። «መርደር ሺ ሮት» ከሁሉ ቀላሉ መግቢያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1996 የቆየ፣ 264 ክፍሎች ያሉት ነው። አንጄላ ላንስበሪ የቀድሞ መምህርትና ደራሲ የሆነችውን ጄሲካ ፍሌቸርን ትጫወታለች። አብዛኛው ክፍል ራሱን የቻለ ነው፤ መብራት ሄዶ አንዱ ቢያመልጥ ምንም አይደል። ዴቪድ ሱሼ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2013 የክሪስቲን ሌላ መርማሪ የተጫወተበት «ፖይሮ» ደግሞ ለአለባበስና ለቤት ዕቃ ውበት ጭምር ይታያል። መጽሐፉን ያስቀድሙ ወይስ ድራማውን? ምስጢሩን ለሚወድ መጽሐፉ ይቅደም። ቋንቋ ለሚማር ግን ድራማውን ከነግርጌ ጽሑፉ አይቶ ከዚያ ማንበብ ይቀላል።

ገዳዩን ባለማወቁ የሚጨነቅ ሰውም አለ። አትሳቁ፣ ብዙ ናቸው። ለእነሱ «ኮሎምቦ» አለ። ገዳዩ ገና ሲጀመር ይታያል። ደስታው ያ የተጨማደደ ካፖርት የለበሰ መርማሪ እንዴት እንደሚደርስበት ማየት ነው። ፒተር ፎክ መርማሪውን ሲጫወት አይጮህም፣ አይማታም። ሲወጣ በሩ ላይ ይመለስና አንድ ጥያቄ ይጨምራል።

መንፈሳዊ ሰዎች «ወንጀል ማንበብ ምን ይጠቅመኛል?» ሲሉኝ ፋዘር ብራውንን አነሳለሁ። የእንግሊዛዊው ደራሲ የቼስተርተን የመጀመሪያው የፋዘር ብራውን ታሪኮች መድበል እ.ኤ.አ. በ1911 ታተመ። ቄሱ ክፉን የሚያውቀው ከሰው ኑዛዜ ነው፤ የሚፈልገውም ሌባው እንዲመለስ ነው። የንስሐ አባት ያለው ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። የቼስተርተን እንግሊዝኛ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ለብዙው ሰው ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሠራውን ድራማ አስቀድማለሁ።

መጨረሻ አለመንገር ለእኔ የሥራ ሕግ ነው። መጽሐፍ ሲመለስ ላጲስ ይዤ ገልበጥ ገልበጥ አደርገዋለሁ። በእርሳስ «ገዳዩ እሱ ነው» ብሎ ጠርዝ ላይ የጻፈ አንባቢ አጋጥሞኛል፤ የሚቀጥለውን ሰው ደስታ ወሰደበት ማለት ነው። ሲመልሱ «ወደድከው?» አልልም። «ማንን ጠረጠርክ? የት ስትደርስ?» እላለሁ። ቀድሞ የደረሰበትን ወደ ፖይሮ አሳድገዋለሁ። ስሞቹ የጠፉበትን ወደ አጭር ታሪክ እመልሰዋለሁ። ምስጢሩን ረስቶ ስለ ሰዎቹ ብቻ የሚያወራልኝን ወደ ጋቦሮኔ እልከዋለሁ።

«በአማርኛስ የለም?» የሚለው ጥያቄ ነው ልቤን የሚነካው። በአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ሲነሳ የይልማ ሀብተየስ ስም ቀድሞ ይመጣል። ትልልቆቹ አንባቢዎቻችን ስሙን ስጠራላቸው ፊታቸው ይበራል፤ በወጣትነታቸው ያነበቡትን መተረክ ይጀምራሉ። ለወጣቶቹ ግን አዲስ ነው። እኛ ዘንድ የሌለውን ሲፈልጉ መጀመሪያ የምልካቸው ወደ ወመዘክር፣ ማለትም ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በአገር ውስጥ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂ የሚገባው እዚያ ነውና። ገዝቶ ማስቀረት ለሚፈልግ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹን እጠቁማለሁ። ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ አሮጌ የአማርኛ ልቦለድ ካለ፣ ለሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡት። ጠያቂ አለው።