አጭሯ ናሙና

ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የቁሳቁስ መፈተሻ ላቦራቶሪ በረዳትነት ስሠራ፣ ውጭ አገር የሚማር ወዳጃችን ዲያሜትሩ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረታዊ መስታወት ዘንግ ላከልን። ስሙ መስታወት ይሁን እንጂ ብርሃን አያሳልፍም፤ ይህን ስም ያሰጠው አተሞቹ እንደ ተራ ብረት በረድፍ ሳይሰለፉ፣ ቅልጥ ሳለ እንደነበሩት ተዘበራርቀው መርጋታቸው ነው።

ዘንጉ አጭር ነበርና ብዙ ናሙና ለማግኘት ስስት ያዘኝ፤ የእያንዳንዱን ቁመት 3 ሚሊ ሜትር አድርጌ ቆረጥኩ። የመጀመሪያዋን በመጭመቂያው ማሽን ስጫናት፣ እስከ 2 በመቶ ገደማ እንደ ሞላ ከታመቀች በኋላ ትሰበራለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሳትሰበር እየተደፈጠጠች ቀጠለች። በደስታ «ቅይጡ እጅግ ተለማጭ ነው» ብዬ ረቂቅ ሪፖርት ጻፍኩ።

በማግስቱ መብራት ስለጠፋ ከላቦራቶሪው አንጋፋ ባለሙያ ጋር ጣና ዳር ቡና ልንጠጣ ወጣን። ሪፖርቱን አንብበው ሲያበቁ «ልጄ፣ ቁመቷ ስንት ነበር?» አሉኝ። ስነግራቸው ከወረቀቱ ጀርባ አራት ማዕዘን ሥለው በመካከሉ ሰያፍ መስመር አሰመሩ።

በተራ ብረት ውስጥ፣ አሉኝ፣ የረድፍ ጉድለቶች፣ ማለትም ዲስሎኬሽኖች፣ እየተንቀሳቀሱ ብረቱ ይለመጣል፤ እርስ በርስ ሲጠላለፉ ደግሞ የተለመጠው ቦታ ይጠነክርና ጫናው ወደ ሌላ ቦታ ይሸጋገራል። እዚህ ግን ረድፍ ስለሌለ ዲስሎኬሽንም የለም፤ ጥቂት ደርዘን አተሞች በቡድን በቡድን ሆነው በጫናው ግፊት ቦታ ይለዋወጣሉ፣ አንዴ የተንሸራተተው ስፍራ ከጎረቤቱ ይልቅ ይላላል፣ ስለዚህ ቀጣዩ መንሸራተት ሁሉ እዚያው ይከማቻል። ሺር ባንድ የሚባለው ይህ ንጣፍ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ናኖ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከጫናው አቅጣጫ ጋር 42 ዲግሪ አካባቢ ስለሚያዘነብል፣ 3 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለውን ናሙና ከጎን እስከ ጎን ለመሰንጠቅ 3.3 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ይፈልጋል።

የእኔዋ 3 ነበረች። መስመሩ ጎኗ ላይ ሳይደርስ ከማሽኑ ሰሌዳ ጋር ተላተመ፤ አንዱ ባንድ ሲታገድ ሌሎች እየተወለዱ ናሙናዋ ተለማጭ መሰለች። ያመሰገንኩት ቅይጡን ሳይሆን ሰሌዳውን ኖሯል።

መብራት ሲመለስ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ናሙና ጫንን። መከለያውን እንድዘጋ ጋሼ ባያስገድዱኝ ኖሮ ፊቴ ምን ይሆን እንደነበር እንጃ፤ 2 በመቶ ገደማ ላይ እንደ ጥይት ጮኻ በብልጭታ ተሰበረች። ስባሪውን በማይክሮስኮፕ ስናየው ገጹ በደም ሥር መሳይ መረብ ተሸፍኗል፤ በመሰንጠቂያው ቅጽበት ያ ቀጭን ንጣፍ ለስልሶ እንደነበር የሚያሳይ አሻራ ነው።

ሪፖርቱን ሰርዤ እንደገና ለመጀመር ዘንጉን ስለካው የቀረው 14 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ ከመጋዝ የተረፈው ሁለት ናሙና ወጣው።