የእናት ሥጋ በፅንሱ ቱቦ ውስጥ

ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ የአይጥ ፅንሶች የጂን ምርመራ ውጤት ዲኤንኤን በመስመር ለይቶ ከሚያሳየው ጄል ላይ ሲነበብ አልገጥም አለ። ናሙናዎቹን ውጭ አገር የሚማር የዶክትሬት ተማሪ በ70 በመቶ ኤታኖል ነክሮ ያመጣቸው ናቸው። ጥናቱ ኦቶታክሲን ስለተባለ ኢንዛይም ነው። ሁለቱም ወላጅ አይጦች ከኦቶታክሲን ጂን ሁለት ቅጂዎች አንዱ የጠፋባቸው፣ በአጭሩ «ግማሾች» ሲሆኑ፣ ማህፀኑ የተከፈተው በእርግዝናው 10.5ኛው ቀን ነው። የመዳቀላቸው ምልክት የታየበት ዕለት እኩለ ቀን 0.5 ተብሎ ነው ቆጠራው የሚጀምረው።

ግማሽ ከግማሽ ሲዳቀል ከአራት ፅንስ አንዱ ሙሉ፣ ሁለቱ ግማሽ፣ አንዱ ደግሞ ጂኑ ጨርሶ የሌለው ባዶ እንደሚሆን ይጠበቃል። ጄሉ ላይ ግን ባዶ የሚባል አልታየም። ሞተው መሟሟት የጀመሩት ፅንሶች በሙሉ የጤነኛውንና የጎደለውን ቅጂ ሁለት መስመር አወጡ፤ ግማሽ ናቸው ማለት ነው። ተማሪው «ግማሾቹም ይሞታሉ» ብሎ መዝገቡ ላይ ሊያሰፍር ሲል የቤተ ሙከራው አንጋፋ ቴክኒሻን ጄሉን አየት አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ እናቶቹ ራሳቸው ግማሽ አይደሉም እንዴ? እነሱስ እንዴት ተወልደው አደጉ?» አሉት። «ልክ ነዎት እትዬ፣ ታዲያ ባዶዎቹ የት ገቡ?» አለ።

ሒሳቡም የሚለው ይህንኑ ነበር። በሕይወት የተገኙት ፅንሶች አንድ ሙሉ ለሁለት ግማሽ ነበሩ። የሞቱት በእርግጥ ግማሾች ቢሆኑ ኖሮ በሕይወት ካሉት መካከል ግማሾቹ ያንሱ፣ ባዶዎቹም ይገኙ ነበር። የጎደለው ሩብና የሞተው ሩብ አንድ ናቸው።

የጤነኛው ቅጂ መስመር የመጣው ከእናት ነው። ፅንሱን ዙሪያውን የሚያቅፈው ዴሲድዋ የእናቲቱ ህብረ ህዋስ ነው፤ እናቲቱ ደግሞ ግማሽ ናት። የዴሲድዋ ቁራጭ በባዶ ፅንስ ቱቦ ውስጥ ከገባ ፒሲአር የተባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ የእናቲቱን ጤነኛ ቅጂ አባዝቶ «ግማሽ» ያሰኘዋል። ጤነኛ ፅንስ ላይ የተጣበቀ ትንሽ ቁራጭ ብዙም አይጎላም። በሟሟው ላይ ግን የፅንሱ ዲኤንኤ ጥቂትና የተሰባበረ፣ የእናትየው ብዙና ትኩስ ስለሆነ የእናት ድምፅ ይበረታል። ኤታኖሉም አባባሰው፦ ሁሉንም እኩል ነጭና ደረቅ ስለሚያደርገው ዳር ድንበሩ በዓይን አይለይም። ስለዚህ መለየት ያለበት ኤታኖል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው።

በዚህ ጥናት ስህተቱ ትንሽ አይደለም። ኦቶታክሲን ኤልፒኤ የተባለውን የምልክት ቅባት ይሠራል፤ ኤልፒፒ3 የተባለው ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ያንኑ ያፈርሳል። ሠሪው የጠፋበት ፅንስ ከ9.5 እስከ 10.5ኛው ቀን ባለው ጊዜ የአስኳል ከረጢቱ ደም ሥሮች ሳይደራጁ፣ የነርቭ ቧንቧውም ተበላሽቶ ይሞታል። አፍራሹ ሲጠፋም የአስኳል ከረጢቱ ደም ሥር ይበላሻል፤ ፅንሱም ከእናቱ ጋር የሚያያዝበት የእንግዴ ልጅ ግንኙነት ይሰናከላል። ግማሾች ግን በደማቸው ያለው ኤልፒኤ ወደ ግማሽ ቢወርድም በጤና ይኖራሉ። «ግማሽም ይገድላል» የሚል መዝገብ ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል።

ከቀሩት ናሙናዎች ምርመራው እንደገና ተሠራ። በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ሥር ዴሲድዋው ተልጦ ውስጡ ያለው ቅሪት ብቻ ወጣ፤ ፒቢኤስ የተባለ የጨው ውሃ በያዙ ሦስት ንጹህ ሳህኖች ተራ በተራ ታጠበ፤ ፒንሴቱ ከፅንስ ወደ ፅንስ ሲሻገር ይጸዳል። ኤታኖል ፒሲአርን ስለሚያውክ ቱቦው ሽታው እስኪጠፋ ክዳኑ ተከፍቶ ሞቅ ባለ ብሎክ ላይ ቆየ። ከዚያ ዲኤንኤውን ለማውጣት 25 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብረቶችን ከሚይዘው ኬሚካል ከኢዲቲኤ 0.2 ሚሊሞላር ጋር፣ 50 ማይክሮሊትር፤ በ95 ዲግሪ 30 ደቂቃ፤ ካቀዘቀዙ በኋላ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ለማርገብ እኩል መጠን 40 ሚሊሞላር ትሪስ። 95 ዲግሪውን ከፒሲአር ማሽኑ ነው ማግኘት ያለብን። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ በፈላ ውሃ የተቀቀለ ናሙና በደንብ ላይፈታ ይችላል።

የአንዲት እናት ዴሲድዋ ብቻውን በአንድ ቱቦ ለማነጻጸሪያ አብሮ ገባ። ከሟሟዎቹ የብዙዎቹ ጤነኛ መስመር ጠፋ። በጥቂቶቹ ደብዝዞ ቀረ፤ እነዚህ «ግማሽ» ሳይሆን «ያልተለየ» ተብለው ተመዘገቡ፤ ደግ ነው የተደረገው።

ለቀጣዩ ዙር ማህፀኑ በ9.5ኛው ቀን ይከፈታል፤ ያኔ ባዶዎቹ ገና አልሟሙም፤ የገረጣና ትልልቅ ደም ሥር የሌለው የአስኳል ከረጢታቸው በዓይን ይለያል። ኤልፒኤ ለመለካት ግን የኤታኖል ናሙና አይሆንም፣ ቅባቱን ያጥበዋልና። የእናቲቱ ደም በኢዲቲኤ ቱቦ፣ በረዶ ላይ ይቀዳል። ኦቶታክሲን ያለ ዚንክ አይሠራም፤ ኢዲቲኤ ዚንኩን ይይዝበታል። ያለዚያ ኢንዛይሙ ቱቦው ውስጥም ኤልፒኤ መሥራቱን ይቀጥላል።