የወረቀት ቀንድና የስፌት መርፌ

እሺ መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ፣ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ገድያለሁ። የቪኒሉን ዓይነት አይደለም፣ የድሮውን፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውን፣ ከባዱን፣ ከእጅ ካመለጠ እንደ እንስራ የሚንኮታኮተውን። ሸክላው ነበረኝ ማጫወቻ ግን አልነበረኝም፣ እና ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር እጁ ገብቶ ምን እንደሚል ሳይሰማ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ስለዚህ ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልዬ በፕላስተር ለጠፍኩት፣ ጫፉ ላይ የስፌት መርፌ ሰካሁበት፣ ሸክላውን እርሳስ ላይ አጥልቄ በጣቴ ማዞር ጀመርኩ።

እና ጮኸ! ባትሪ የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ፣ ስፒከር የለ፣ ዝም ብሎ ወረቀት። ጣቴ ሲፈጥን ዘፋኙ እንደ ጫጩት ይንጫጫል፣ ሲደክመኝ ደግሞ እንደ በሬ ያገሳል። ኤዲሰን በ1877 የሠራው የመጀመሪያው ማሽንም በሐሳብ ደረጃ ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ በእጅ የሚዞር ሲሊንደር፣ ላዩ ላይ የተጠቀለለ ስስ የቆርቆሮ ፎይልና አንድ መርፌ፣ በቃ።

አራት አምስት ጊዜ ደጋግሜ ካጫወትኩት በኋላ መርፌውን ወደ መብራት አስጠግቼ ሳየው ጫፉ ላይ ግራጫ ዱቄት ተሰብስቧል። ያ ዱቄት እንግዲህ ሙዚቃው ነበር። የ78ቱ ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል ትንንሽ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት ነው፣ የድንጋዩ ዱቄት ደግሞ መርፌን እንደ ሞረድ ይሞርዳል፣ የድሮ ግራሞፎን የብረት መርፌም እንዲሞረድ ታስቦ ነው የተሠራው፣ መጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ድምፁ የተቀረጸበትን ቦይ ቅርጽ ይይዝና ከዛ ልክክ ብሎ ይሄዳል፣ ለዚህም ነው አንድ ገጽ ባለቀ ቁጥር መርፌ ይቀየር የነበረው። የስፌት መርፌ ግን ሹል ነው፣ ይቆፍራል እንጂ አይመጥንም። የወረቀቱን ቀንድ መሞከር ከፈለጋችሁ የተሰነጠቀና ተስፋ የተቆረጠበት ሸክላ ላይ ይሁን፣ ቪኒል ላይ ደግሞ በጭራሽ።

ሁለተኛው ሙከራዬ ትንሽ ጨዋ ነበር። 33ና 45 ብቻ የሚያዞር አሮጌ ማጫወቻ አገኘሁ፣ 78 የለውም። የቪኒል መርፌ የጫፉ ሬዲየስ 0.025 ሚሊሜትር ወይም ከዛ ያነሰ ስለሆነ 78ቱ ላይ ሲያርፍ ሰፊው ቦይ ወለል ላይ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚንከላወሰው፣ ግድግዳውን አይነካም፣ የምትሰሙት ሙዚቃ ሳይሆን ጠጠር ነው። ስለዚህ መርፌዋን ብቻ ወደ 0.075 በሚጠጋው ቀየርኩ፣ ከሁሉም ለውጥ ይሄ በልጧል። ፍጥነቱንስ? በ45 እያጫወትኩ ኮምፒውተር ላይ ቀዳሁትና ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ከ45 ወደ 78 ቀይር አልኩት፣ 1.73 ጊዜ አካባቢ ያፈጥነዋል፣ አለቀ። እንደውም ቀስ ብሎ መሄዱ ጠቅሞኛል፣ የተጣመመ ሸክላ ላይ መርፌዋ መዝለል ትታለች።

(ማጽዳትን በተመለከተ አንዲት ነገር ብቻ፣ አልኮል አታስጠጉበት፣ ሼላክን ያሟሟዋል። የተጣራ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት አለማርጠብ።)

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልምጣ። አንድ ሸክላ መጣልኝ፣ መሃሉ ላይ ወረቀት የለውም፣ ጽሑፉ ራሱ ሸክላው ላይ ተቀርጿል፣ ፓቴ ይላል፣ የፈረንሳይ ሸክላ አሳታሚ ነው። መርፌዋን እንደ ወትሮው ዳር ላይ ሳስቀምጣት ሸርተት ብላ ወደ ውጭ ወደቀች። ደገምኩ፣ ወደቀች። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ፣ ይሄ ሸክላ የሚጀምረው ከመሃል ነው! ከውስጥ ወደ ውጭ! የፓቴ የጥንቶቹ እንዲህ ነበሩ፣ ረስቼው ነው እንጂ ማወቅስ አውቅ ነበር።

ከመሃል አስጀመርኩት፣ ቀዳሁት፣ እንደ ልማዴ ሁለቱን ቻናል፣ ግራና ቀኙን፣ ወደ ሞኖ ማለትም ወደ አንድ ደመርኩት፣ ከዛ... ምንም። ሹሹታ ብቻ፣ በጣም ሩቅ የሆነ የሰው ጥላ ነገር። ሸክላው አልቆለታል ብዬ ልተወው ስል ቦዩን በማጉያ መነጽር አየሁት፣ ግራና ቀኝ አይጠማዘዝም፣ ቀጥ ያለ ነው። ድምፁ የተጻፈው በጥልቀት ነው፣ መርፌዋን ወደ ላይና ወደ ታች ያስጨፍራታል እንጂ ወደ ጎን አይደለም። የስቴሪዮ መርፌ ደግሞ ወደ ጎን ስትሄድ ሁለቱ ቻናሎች እኩል ይሄዳሉ፣ ከፍ ዝቅ ስትል ግን አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል፣ ስለዚህ እኔ ስደምራቸው ዘፋኙን ራሴው አጣፍቼዋለሁ ማለት ነው። አንዱን ቻናል መርጬ ኢንቨርት አልኩት፣ ማለትም ሞገዱን ገለበጥኩት፣ ከዛ እንደገና ደመርኩ።

ሰውዬው መጣ። ትክክለኛ መርፌው ክብ ጫፍ ያለው ሰንፔር ነው፣ የኔ እሱ አይደለም፣ ቢሆንም መጣ። ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት የዘፈኑን ስም በፈረንሳይኛ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ የመቅረጫው ቀንድ ውስጥ አፉን ከቶ እንደሚጮህ ያስታውቃል።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። እነዚህ ሸክላዎች 78 አይዞሩም፣ ወደ 90 አካባቢና ከዛም በላይ ናቸው፣ በዘፈን ደግሞ መለየት ከባድ ነው፣ ዘፋኝ እንደፈለገ ቀጭን ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ ሁሌ የሚያስቀኝ ታሪክ አለ፣ ስኮት ደ ማርቲንቪል የሚባል ፈረንሳዊ በ1860 ድምፅን ጥቀርሻ የተቀባ ወረቀት ላይ በመስመር አስቀርቶ ነበር፣ በ2008 ከወረቀቱ በኮምፒውተር ድምፁን ሲያወጡት የሴት ልጅ ድምፅ ነው ተባለ፣ በኋላ ሲታይ ለካ በእጥፍ አፍጥነውት ነው፣ ወደ ልኩ ሲመለስ ቀስ ብሎ የሚዘፍን ወንድ ሆነ፣ ምናልባትም ራሱ ስኮት።

እኔም ዘፈኑን ትቼ ያቺን መግቢያ ንግግር ብቻ እየቆረጥኩ አዳመጥኩ። 100 ላይ የተቆጣ ልጅ ነው። 80 ላይ ሰክሯል። 90 ላይ አንድ የቸኮለ ጎልማሳ ሰውዬ መሰለኝ፣ እዛው ተውኩት።