ሲስፕላቲንን በዲኤምኤስኦ አታሟሙ

ሲስፕላቲን የተባለውን ፕላቲነም ያለበት የካንሰር መድኃኒት መሥራቱ አላስቸገረኝም። 415 ሚሊግራም ፖታስየም ቴትራክሎሮፕላቲኔት በጥቂት ውሃ አሟሙቼ 1 ግራም ፖታስየም አዮዳይድ ስጨምርበት ቀዩ ጠቆረ፤ አሞኒያ ሳንጠባጥብበት ቢጫ ዝቃጭ ወረደ። አዮዳይዱን በሲልቨር ናይትሬት አስወግጄ ክሎራይዱን በፖታስየም ክሎራይድ መለስኩ። እዚህ ላይ ብሩ ለ1 ሞል ፕላቲነም ከ2 ሞል ትንሽ ይነስ እንጂ አይብለጥ፤ የተረፈው ብር ኋላ ነጭ ሲልቨር ክሎራይድ ሆኖ ከምርቱ ጋር ይደባለቃል። በታዮዩሪያ ፈተንኩት፦ ሲሱ (ሁለቱ አሞኒያዎች ጎን ለጎን ያሉበት) ቢጫ፣ ትራንሱ (ትይዩ የቆሙበት) ነጭ ነው የሚሰጠው። የእኔ ቢጫ ሆነ።

ጉዱ የመጣው ዲኤምኤስኦ በሚባለው፣ ሰልፈር ባለበት ፈሳሽ ማሟሚያ ሳሟሟው ነው። የላብራቶሪው መመሪያ «በውሃ እምቢ ያለ ሁሉ በዲኤምኤስኦ ይሟሟል፣ በ-20 ዲግሪ ይቀመጣል» ይላል። ታዘዝኩ። በፕላቲነም-195 ኤንኤምአር (ፕላቲነሙ ከምን ጋር እንደተያያዘ በማግኔት የሚያሳይ ምርመራ) ሳየው -2100 ፒፒኤም አካባቢ ከሚጠበቀው ጫፍ ሌላ -3100 አጠገብ አንድ ተጨማሪ ቆሟል። ቆሻሻ መስሎኝ ምርቱን ደግሜ ክሪስታል አደረግኩት፤ ጫፉ አልጠፋም። ሌላ ጊዜ አጠብኩት፤ አሁንም አለ። ያን ሁሉ ፕላቲነም በከንቱ አባከንኩ! የሴል ሙከራውም ሴሎቹን ለመግደል ከሚገባው እጅግ የበዛ መጠን ጠየቀ።

ምርቱ ንጹሕ ነበር፤ ያበላሸው ማሟሚያው ነው። የዲኤምኤስኦ ሰልፈር ለፕላቲነም ስለሚመቸው በሰዓታት ውስጥ አንዱን ክሎራይድ አባርሮ ቦታውን ይይዛል። የቀረው አንድ አወንታዊ ቻርጅ ያለው ሌላ ኮምፕሌክስ ነው፤ ሲስፕላቲን ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። መልኩ ጥርት ያለ ስለሆነ ዓይን አይጠረጥርም። ያንኑ ጠርሙስ ኤንኤምአር ውስጥ ወዲያው ከዚያም በማግስቱ ባየው ኖሮ ሁለተኛው ጫፍ ሲያድግ ይታየኝ ነበር፤ ይህን አለማድረጌ እስካሁን ያናድደኛል።

አሁን 3 ሚሊግራሙን በ10 ሚሊሊትር የ0.9% ጨው ውሃ አሟሟለሁ፤ 1 ሚሊሞላር ይሆናል። በውስጡ ያለው 154 ሚሊሞላር ክሎራይድ የፕላቲነሙን ክሎራይድ በቦታው ያቆየዋል። ሴል ውስጥ ክሎራይዱ ስለሚያንስ ውሃ ይተካና ከዲኤንኤው ጉዋኒን ጋር መያያዙ እዚያ ይጀምራል። በጨው ውሃ የማይሟሟ የፕላቲነም ኮምፕሌክስ ከያዛችሁ ዲኤምኤፍ የሚባለው፣ ሰልፈር የሌለበት ማሟሚያ ይሻላል፤ ለሴሎቹ የሚደርሰውን መጠን ግን አሳንሱ፣ ለማነጻጸሪያ ዲኤምኤፍ ብቻውን ያገኙ ሴሎችም ይኑሯችሁ።

በጨው ውሃ የተሟሟውን ሲስፕላቲን ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡት፤ የጠነከረው ዝግጅት ክሪስታል ሆኖ ይወርዳል። ከብርሃን ሸፍኑት፤ አሉሚኒየም ያለበት መርፌም አይንካው፣ ፕላቲነሙ ጥቁር ሆኖ ይራገፋል።