ለ70 ዓመት 70 ኪሎ ሜትር፦ የጋሼን ልደት በብስክሌት እንዴት እንዳከበርን

የክለባችን ትልቅ ሰው 70 ዓመት ሊሞላቸው ነው ሲባል ጉዞውን የማዘጋጀት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ብዙዎቻችንን በቡድን መንዳት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ጉድጓድ ሲያዩ ለኋለኛው በእጅ ማሳየት፣ ፍሬን በድንገት አለመያዝ፣ ከፊት ባለው ሰው ጎማ ላይ ከማፍጠጥ ይልቅ በትከሻው አሻግሮ መንገዱን ማየት፣ ይሄን ሁሉ ከእሳቸው ነው የተማርነው። ስለዚህ ልደታቸው ፎቶ ተነስተን የምንበታተንበት ቀን እንዲሆን በፍጹም አልፈለግኩም።

የዕድሜን ያህል ኪሎ ሜትር መንዳት በብስክሌተኞች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። 70 ዓመት፣ 70 ኪሎ ሜትር። አንዳንዶቹ አባላት ግን ሰጉ። "አጠር እናድርገው" ያሉ ነበሩ፤ "ግማሹን ይንዱና የቀረውን በመኪና ይከተሉን" ያሉም ነበሩ። ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረ ሰው በልደቱ ቀን ሌሎች ሲነዱ በመስኮት እያየ መዋሉ ለእኔ አልተዋጠልኝም። ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ራሳቸውን መጠየቅ ነው።

"ጋሼ፣ 70 ኪሎ ሜትር ምን ይመስልዎታል?"

"ርቀቱን ተወው ልጄ፣ ዳገቱ ምን ያህል ነው?" አሉኝ።

መላው ዕቅድ በዚህች ጥያቄ ተቀየረ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ ብስክሌተኛን ዋናው የሚያደክመው አየሩ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በቡድን ስንነዳ ግን ከፊት ያለው ሰው ነፋሱን ይጋርድልናል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ሊቆጥብ ይችላል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ቁጠባውም ይጨምራል። ዳገት ላይ ይሄ የለም ማለት ይቻላል። ፍጥነት ስለሚወርድ ነፋስ መጋረድ ትርጉም ያጣል፣ ሁሉም የራሱን ክብደት ራሱ ነው የሚያወጣው። እንግዲህ ቡድኑ ጋሼን ሊያግዛቸው የሚችለው ሜዳ ላይ ብቻ ከሆነ፣ መቀነስ ያለበት ርቀቱ ሳይሆን ዳገቱ ነው። 70ውን ሳልነካ መንገዱን መረጥኩ። አንድ ረዘም ያለ ዳገት ብቻ ተውኩ፣ እሱም ሰውነት ከሞቀ በኋላ ግን እግር ሳይዝል የሚገኝ ነው። የመጨረሻው ሲሶ ሜዳ ሆነ። በዚያ ሰዓት ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይቼ ወደ ቤት ስንመለስ ከጀርባችን እንዲሆን አደረግኩት።

የልብ ምት ጉዳይም ተነስቶ ነበር። ብዙ ሰው የሚያውቀው ስሌት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው፤ ለ70 ዓመት ሰው ከፍተኛው ምት 150 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ስሌት ደግሞ 208 ሲቀነስ ዕድሜ በ0.7 ተባዝቶ ይላል፣ እሱ 159 ይሰጣል። ሁለቱም አማካይ ናቸው፤ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ ምቱን ራሱን ዝቅ ያደርገዋል፣ ያኔ ሰዓት ላይ የሚታየው ቁጥር ያሳስታል። ስለዚህ መለኪያችን ወሬ ሆነ። ከጎናቸው የሚነዳው ሰው እያጫወታቸው ይሄዳል። ሙሉ ወሬ ከመለሱ ፍጥነቱ ልክ ነው። መልሳቸው "አዎ" እና "እሺ" ብቻ ሲሆን እንቀንሳለን። ጥሩ ሠርቷል፣ ለማንም የምመክረው ነው። ሐኪማቸውን ማማከሩን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ቀድመው ጨርሰውታል።

አሁንም ለሚጠራጠሩት የሮቤር ማርሻንን ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1911 የተወለደ ፈረንሳዊ ብስክሌተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012፣ በ100 ዓመቱ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 24 ኪሎ ሜትር ከ250 ሜትር ገደማ ነዳ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ወደ 26.9 ኪሎ ሜትር አሳደገው! ልምምዱን የተከታተሉት ተመራማሪዎች ሰውነቱ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከ100 ዓመት በኋላ እንኳ በ13 በመቶ ገደማ መጨመሩን ጽፈዋል። ከዚህ በኋላ ስለ መኪናው ያነሳ ሰው የለም።

የጉዞው ቀን የረዳን ትልቁ ነገር የቦታ አሰላለፍ ነው። ትልቅ ሰው ይረፍ ተብሎ መጨረሻ ላይ ይደረጋል፤ ይሄ ፈጽሞ ልክ አይደለም። ረጅም ሰልፍ እንደ ላስቲክ ነው። መታጠፊያ ላይ ፊተኛው ቀነስ ሲያደርግ ኋላ ያለው ሊቆም ይደርሳል፣ ከዚያ ለመድረስ መሮጥ አለበት። ቀኑን ሙሉ እንዲህ የሚሆን ሰው ከሁሉም ቀድሞ ይደክማል። ጋሼን ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ አደረግናቸው፤ ነፋሱም ተጋርዶላቸዋል፣ መሮጡም የለም። ከፊት የሚነዱት ሁለቱ በየጊዜው ይቀያየሩ ነበር፣ ተረኛ ሲወጣ ፍጥነት እንዳይጨምር ተስማምተናል። ተረኛ ሲቀየር መፍጠን የወጣቶች አመል ነው፣ ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ዳገቱን ሁሉም በራሱ ፍጥነት እንዲወጣና አናቱ ላይ እንዲጠብቅ ተባባልን። እዚህ ላይ ብዙ ክለቦች የሚዘነጉት ነገር አለ። የቀደሙት አርፈው ሲጠብቁ ይቆዩና የመጨረሻው ሰው ብቅ እንዳለ "በሉ እንሂድ" ይላሉ። እረፍት ያስፈለገው ሰው ያለ እረፍት ቀረ ማለት ነው። እኛ የእረፍቱን ሰዓት መቁጠር የጀመርነው የመጨረሻው ሰው ውሃውን ከጠጣ በኋላ ነው።

እረፍት ሲባል ግን አይረዝምም፤ እግር ከቀዘቀዘ መልሶ ማስነሳት ከባድ ነው። ዕድሜ ሲጨምር የውሃ ጥም ስሜትም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጥም እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም፤ በቆምን ቁጥር ሁላችንም አብረን እንጠጣ ነበር፣ እሳቸውን ብቻ "ጠጡ ጠጡ" ማለት ያሳቅቃል። ሲነሱ ደግሞ ብስክሌቱን ወደ ጎን በጣም ያዘነብሉታል፣ አንድ እግራቸውን በዝቅታ ያሻግሩና ብስክሌቱን ከራሳቸው ጋር ቀስ አድርገው ያቀኑታል። ዳሌ ለሚያመው ሰው ይህ ከኮርቻ በላይ እግር ከማንሳት ይሻላል። እርዳታ አልጠየቁም፣ እኛም ዘለን አልያዝንላቸውም። ቦታ ሰጥተን ጠበቅናቸው፣ በቃ።

የመጨረሻው ሜዳ ላይ ሳይነግሩን ወጥተው ፊቱን ያዙ። ያለፋቸው የለም። እጃቸው አሁንም በየጉድጓዱ ወደ ታች ትጠቁማለች።

ስጦታውንም ልንገራችሁ፣ ለሚያስብበት ሰው ይጠቅማል። ተዋጥተን ቀለል ያለ የኋላ ማርሽ ገዛንላቸው። ትልቁ ባለ 34 ጥርስ ነው፤ ከፊት ያለው ትንሹም 34 ስለሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል። ዳገት ላይ ጉልበትን ሳይጨርሱ ማሽከርከር ይቻላል። ያስገጠምነው ከጉዞው በፊት ነው፣ ደጋግመው እንዲለምዱት። ከመግዛታችሁ በፊት ማርሽ ቀያሪው ይህን ያህል ጥርስ እንደሚችል አረጋግጡ፣ ሰንሰለቱም ሊያጥር ስለሚችል አብሮ ይታይ።